በቆዳዋ ነው የምትጠጣው

የ2012 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። ከገበያ ሁለት እስር ቄጠማ ይዤ ገባሁ። ልጄ ሳሎን ሊጎዘጉዝ እስሩን ፈታና ጮኸ። እባብ መስሎኝ ከማድ ቤት እየሮጥኩ መጣሁ። ቄጠማው መሃል አንዲት አረንጓዴ እንቁራሪት ተጣብቃለች። ከአውራ ጣቴ ጫፍ አትበልጥም። ጣና ዳር ከታጨደው ቄጠማ ጋር ታስራ፣ በሰው ትከሻ ገበያ ወጥታ፣ ከእኔ ጋር በባጃጅ ቤታችን ገብታለች።

«እማዬ፣ የአጎቴ ዓይነት ናት!» አለ ልጄ።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አጎቱ ጀርመን የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ነው። ወንድሜ በመርዛቸው የታወቁትን፣ ፈረንጆቹ ዳርት ፍሮግ የሚሏቸውን እንቁራሪቶች ቤቱ ውስጥ ያሳድጋል። ሰማያዊ አለው፣ ቢጫና ጥቁርም አለው። በስልክ ሲያሳየው ልጄ ራቱን ይረሳል። አጎቱን ባየው ቁጥር «አንድ ላክልኝ» ይለዋል።

ይህን የምጽፈው ከዚያች ዋዜማ ወዲህ ሦስት እንቁራሪቶች በእጃችን ስለሞቱ ነው። በበሽታ የሞተች የለችም። ሁሉም የሞቱት እኛ ልንንከባከባቸው ስንል ባደረግነው ነገር ነው። ከኋለኛዎቹ ሁለቱ ሞት በኋላ ልጄ ሳምንት ሙሉ በቅጡ አልበላም። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ፍጥረት የሚወድ ልጅ ካለ፣ ወይም ራሳችሁ ለማሳደግ ካሰባችሁ፣ እኛ ያየነውን እንዳታዩ ብዬ ነው።

በመጀመሪያ ስለ መርዙ ልናገር፣ ሁሉም ሰው የሚጠይቀው እሱን ነውና። እኔም ያን ቀን «መርዝ ቢኖራትስ?» ብዬ ልጄን ጎትቼው ነበር። ወንድሜ ጋ ደወልን። ሳቀና አረጋጋን። ዳርት ፍሮጎች የሚኖሩት በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ጫካዎች ብቻ ነው። አፍሪካ ውስጥ የሉም። ከሁሉም የምትብሰው ወርቃማዋ፣ በኮሎምቢያ የፓስፊክ ዳርቻ የምትኖረው ናት። ቆዳዋ ላይ ያለው መርዝ አንድ ሚሊግራም ገደማ ቢሆን ነው፤ እሱ ግን ብዙ ሰው ለመግደል ይበቃል። ዳርት ማለት ትንሽ ቀስት ነው፤ ስማቸውም የመጣው ከዚህ ነው። የአካባቢው ተወላጆች፣ ኤምቤራ የሚባሉት፣ በአፍ እየነፉ የሚያስወነጭፉትን ቀስት ጫፉን ጀርባዋ ላይ እያሹ ያድኑበት ነበር።

የገረመኝ ቀጥሎ የነገረኝ ነው። መርዙን ራሷ አታመርተውም። ከምትበላቸው ጉንዳኖችና ጥቃቅን ነፍሳት ነው የምታጠራቅመው። እሱ ቤት ተወልደው የፍራፍሬ ዝንብ እየበሉ ያደጉት መርዝ የሚባል ነገር የላቸውም።

«እታለም፣ ይህን አንድ ነገር ያዢልኝ» አለኝ። «እንቁራሪት የምታገኘው ነገር ሁሉ ሰውነቷ ውስጥ ይገባል። በአፏ የበላችውም፣ በቆዳዋ የነካችውም። ውሃ እንኳ በአፏ አትጠጣም። በቆዳዋ ነው የምትጠጣው።»

ሰማሁት። ግን አልገባኝም ነበር። ቢገባኝ ኖሮ ቀጥሎ ያደረግኩትን አላደርግም ነበር።

ንጹሕ ሴት ነኝ። ለልጄ እንቁራሪት ትልቅ የማር ብልቃጥ አወጣሁ። በፈሳሽ ሳሙና አጠብኩት። አልበቃኝም፣ በረኪና ጨምሬ አጠብኩት። ለቅለቅ አድርጌ ከቧንቧ ውሃ እስከ ግማሹ ሞላሁት። ክዳኑን በሚስማር በሳሳሁ። እንቁራሪቷን ከተትናት። ልጄ ቄጤ ብሎ ስም አወጣላት።

ቄጤ ሌሊቱን ሙሉ ብልቃጡ ግድግዳ ላይ ወጥታ ተለጥፋ አደረች። እኛ «መውጣት ትወዳለች» አልን። አሁን ሳስበው ከውሃው እየሸሸች ነበር። ቀኑ በዓል ነው፤ ዶሮው፣ እንግዳው፣ የአበባየሆሽ ልጆች። ማንም ልብ አላላትም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ውሃው ላይ እግሮቿን ዘርግታ ተንሳፋ አገኘናት።

ወንድሜ ምን እንዳደረግኩ አንድ በአንድ ጠየቀኝ። በረኪና ስለው ዝም አለ። በረኪና ክሎሪን ያለበት ነው። በብልቃጡ ላይ የቀረው ጥቂት፣ በቧንቧ ውሃው ውስጥ ያለው ጥቂት፣ ለእኛ ምንም አይደለም። በቆዳዋ ለምትጠጣና በከፊልም በቆዳዋ ለምትተነፍስ ፍጥረት ግን መላ ሰውነቷን እሳት ላይ እንደ መጣድ ነው። ደግሞም የእኛዋ እንደ ዓሣ ውሃ ውስጥ የምትውል አልነበረችም። ቄጠማና ደንገል ላይ የምትወጣ ዓይነት ናት። የሚያስፈልጋት እርጥብ ቦታና ጥልቀት የሌለው ትንሽ ውሃ ነበር።

ስለዚህ ውሃን በተመለከተ የምመክረው ይህን ነው። የቧንቧ ውሃ በሰፊ ሳፋ ቀድታችሁ ሳትከድኑት አንድ ወይም ሁለት ቀን አሳድሩት። ክሎሪኑ በንኖ ይወጣል። እኔ አፍልቼም አቀዘቅዘዋለሁ። ሮቶ ያላችሁ ደግሞ ሮቶው መቼና በምን እንደታጠበ አስታውሱ። የዝናብ ውሃ ከሁሉም ይሻላል፤ ከጣሪያ የወረደውን ግን አትጠቀሙ። ቆርቆሮው የተለበጠበት ዚንክ ከውሃው ጋር ይወርዳል። ሳፋውን ግቢ መሃል አስቀምጡና ከሰማይ በቀጥታ ያጠራቅም።

ቄጤን ከግቢያችን ኮክ ሥር ቀበርናት። ልጄ ቀስ እያለ «ሌላ እናምጣ» ማለት ጀመረ። እኔም ጥፋቴን የምክስ መሰለኝ። ጥቅምት ላይ አንድ ቅዳሜ ከባለቤቴ ጋር ወደ ዘጌ በሚወስደው በኩል ሄዱ። ደንገሉ ዳር ታንኳ የሚሠሩ አንድ አባት አግኝተው ዓላማቸውን ነገሯቸው። ሽማግሌው ለልጄ እንዲህ አሉት፦ «ልጄ፣ ይቺ ከውሃዋ ከወጣች ምን ልትሆን?» ባለቤቴ ማታ ሲነግረኝ ፈገግ ብለን አለፍነው። ሦስት ይዘው መጥተዋል።

ይህን ስጽፍ አልኮራበትም። ከዱር አውጥቶ ማምጣቱ ራሱ ስህተት ነበር። እሱን ቦታው ሲደርስ እመለስበታለሁ።

በዚህኛው ዙር በደንብ ተዘጋጀን፣ ወይም የተዘጋጀን መሰለን። አልሙኒየምና መስታወት ከሚሠሩ ልጆች ዘንድ ሄጄ 60 በ40፣ ቁመቱም 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ የመስታወት ሳጥን አሠራሁ። ወንድሜ «ሻጋታ ይከላከላል የሚለውን ሲሊኮን እንዳይጠቀሙ፣ መድኃኒት አለበት» ብሎኝ ስለነበር ተራውን አስደረግኩ። ሽታው እስኪጠፋ ሳምንት ሙሉ ከፍተን ተውነው። ከሥር ጠጠር፣ ከላዩ ማዳበሪያ ያልነካው አፈር፣ ከዚያ የደረቀ የዋንዛና የቡና ቅጠል። ቅጠሉን ቀቅዬ ነው ያደረቅኩት፣ ተባይ ይዞ እንዳይመጣ። ልጄ ወይን ጠጅ አበባው ስለሚያምር እምቦጭ እንጨምር ብሎ ነበር። ባለቤቴ በቁጣ ከለከለው። ልክ ነው። ጣናን ያነቀውን አረም ለጌጥ ብሎ ከቦታ ቦታ ማዘዋወር ነውር ነው። በምትኩ ትንሽ ቄጠማ ከነሥሩ ተከልን።

የቀረው ክዳን ነው። አየር የሚያስገባ፣ ዝንብ የማያስወጣ ስስ መረብ ያስፈልጋል። ቁም ሳጥን ላይ የተጣጠፈ አሮጌ አጎበር ነበረን። ቆርጬ፣ ዙሪያውን በላስቲክ ለብጬ፣ ልክ አድርጌ ሠራሁት። ወንድሜ በስልክ አይቶ «ሥራሽ ግሩም ነው» አለ። እኔም ኮራሁ።

ለምግብ የፍራፍሬ ዝንብ ማርባት ተምረናል። ጠላ ላይ የሚያንዣብቡት፣ የበሰለ ሙዝ የሚወዱት ጥቃቅኖቹ ማለቴ ነው። በጣም የበሰለ ሙዝ በብልቃጥ ትፈጫላችሁ፣ ቁንጥር እርሾ ትጨምራላችሁ፣ አፉን ከፍታችሁ ማድ ቤት ትተዉታላችሁ። ዝንቦቹ ራሳቸው ይመጣሉ። ከዚያ አፉን በናይሎን ካልሲ ማሰር ነው። የባሕር ዳር ሙቀት ለዚህ አንደኛ ነው፤ ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን ባለው ጊዜ አዲሶቹ ይፈለፈላሉ። ወንድሜ መብረር የማይችሉ ዝንቦች ይገዛል። እኛ እሱን ከየት እናመጣለን? ብልቃጡን ለጥቂት ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ እናስገባዋለን። ሲበርዳቸው ይደነዝዛሉ፣ ያኔ ሳጥኑ ውስጥ ማራገፍ ነው። መልሶ ሲሞቃቸው ይንቀሳቀሳሉ፤ እንቁራሪቷም የሚንቀሳቀስ ካልሆነ አትበላም። ሙዙ ሳይሻግት በየሁለት ሳምንቱ አዲስ ብልቃጥ ጀምሩ። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይደርሳል።

ሦስቱም ይበሉ ነበር። እስከ ኅዳር አጋማሽ ሁሉም ደህና ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጄ አይቶ ነገረኝ። «እማዬ፣ ዝንቦቹ ክዳኑ ላይ ሲወጡ ይወድቃሉ» አለኝ። «በርዷቸው ነው» አልኩት። ያን ቀን የልጄን ቃል ብሰማ ኖሮ! የወደቁት ዝንቦች እየተንፈራገጡ ነበር፤ እንቁራሪቶቹም የሚንፈራገጠውን እየለቀሙ በሉ። በዚያ ላይ እኔ ጠዋትና ማታ ውሃ የምረጨው በክዳኑ ላይ ነው። ፀጉር ቤት በሚጠቀሙበት መርጫ፣ ከላይ ወደ ታች፣ በመረቡ አሳልፌ።

አንድ ሌሊት ሁለቱ እግራቸው እየተንቀጠቀጠ አገኘኋቸው። ጀርባቸው ይጣመማል። ምን እንደማደርግ አላውቅም። በአዲስ ውሃ አጠብኳቸው። ሊነጋ ሲል አንዷ፣ ከነጋ በኋላ ሌላዋ ሞቱ። ሦስተኛዋ ቄጠማው ሥር አፈሩ ውስጥ ተቀብራ ነበር የዋለችው። እሷ ብቻ ተረፈች።

ወንድሜ እንደገና መርማሪ ሆነ። ውሃው? አድሯል። አፈሩ? ከግቢ። ፍሊት ነፍታችኋል? አልነፋንም። ዝንቦቹ ከየት? ከማድ ቤት። ከዚያ «መረቡን ከየት አመጣሽው?» አለኝ።

«ከአጎበር።»

ሁለታችንም ዝም አልን። እኔም ገና ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ገባኝ። አጎበሩ መድኃኒት የተነከረ ነው። ቢምቢዋ ስትነካው እንድትሞት ተብሎ የተሠራ ነው፣ ለዓመታትም የሚቆይ። ሲያድሉን እኮ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ «ሐይቅና ወንዝ ውስጥ እንዳታጥቡት፣ ዓሣ ይጎዳል» ብላን ነበር። በጆሮዬ የሰማሁት ነው። ዓሣን የሚጎዳ እንቁራሪትን እንደሚጎዳ ማሰብ አቃተኝ። ያን መረብ ራሳቸው ላይ ደፍቼ፣ በየቀኑ ሁለት ጊዜ እያጠብኩ አንጠባጠብኩባቸው።

እባካችሁ አጎበሩን እንዳትጠሉብኝ። የእኛ ከተማ ወባ ያለበት ነው፤ አጎበር ሕይወት ያተርፋል፣ ቦታው ግን አልጋ ላይ ነው። ለአሳ፣ ለእንቁራሪት፣ ለንብም ቢሆን ቁራጩን እንኳ እንዳትጠቀሙ። ለክዳን ከስፌት ዕቃ መደብር ያልተነከረ ተራ ቱል ግዙ። ፍሊት የሚነፋ ከሆነ ሳጥኑ ያለበት ክፍል ውስጥ አይነፋ። የወባ መከላከያ ርጭት ሰፈር ሲመጣም ሳጥኑን አስቀድማችሁ ወደማይረጭ ቤት አውጡት። ነፍሳት ከጓሮ ለማምጣት ካሰባችሁ ደግሞ ከጫትና ከአትክልት ማሳ አትልቀሙ፤ መድኃኒት የተረጨ ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ የነገረኝ ሰው ቢኖር ሁለቱ አይሞቱም ነበር።

የተረፈችውን ልጄ ጣኔ አላት። ሳጥኑን ባዶ አድርገን አፈሩን፣ ቅጠሉን፣ ጠጠሩን ሁሉ ጣልን። መስታወቱን በፈላ ውሃ ብቻ ደጋግመን አጥበን ፀሐይ ላይ አደረቅነው። እስኪያልቅ ድረስ ጣኔን በንጹሕ ጎድጓዳ ሳህን እርጥብ ቅጠል ላይ አቆየናት። ለአራት ቀን ምንም አልበላችም። በአምስተኛው ቀን አንድ ዝንብ ዋጠች። ልጄ ሲጮህ ጎረቤት ሰማ።

ጎረቤት ካልኩ፣ «ኪንታሮት ታወጣበታለች» ያሉን ብዙ ናቸው። አታወጣም። ኪንታሮት ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። እውነተኛው ጥንቃቄ ሌላ ነው። እንቁራሪት ሳልሞኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ ልትይዝ ትችላለች። ስለዚህ ልጅ ሳጥኑን ከነካ በኋላ እጁን በሳሙና መታጠብ አለበት። ከመንካቱ በፊት ግን ሳሙናው ሙልጭ ብሎ መልቀቅ አለበት።

ይህን የተማርነው መጋቢት ላይ ነው። ኮሮና ገባ ተባለና ትምህርት ቤት ተዘጋ። ልጄ ቀኑን ሙሉ ቤት ነው። ጓደኛው ጣኔ ብቻ ሆነች። እኛ ደግሞ በየደቂቃው «እጅህን አልኮል ተቀባ» እንለዋለን። ታዛዥ ልጅ ነው፤ ይቀባል። አንድ ቀን ተቀብቶ ሳይደርቅለት ጣኔን ከቅጠል ላይ አነሳት። ወዲያው ዓይኗን ጨፈነች፣ ሰውነቷን በእግሯ ትፈትግ ጀመር፣ ከእጁ ወደቀች። ልጄ አመዱ ቡን አለ። ይህን ጊዜ ግን ምን እንደምናደርግ አውቀናል። ያደረ ውሃ አዘጋጅተን ስለምናስቀምጥ ቀስ እያልን ደጋግመን አፈሰስንባት። ጨለማና ጸጥ ያለ ቦታ አደረግናት። አደረች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ሕግ ወጣ። ጣኔ በእጅ አትነካም። ማዛወር ግድ ከሆነ በእርጥብ ብርጭቆ ተከልላ ነው። ቅባት፣ ሎሽን፣ ቅቤ የነካው እጅ ሳጥኑ ውስጥ አይገባም። ለልጆች ይህ ከባድ ነው፤ መንካት ይፈልጋሉ። ለልጄ የነገርኩት እንዲህ ብዬ ነው፦ «አንተ ቆዳዋን ስትነካ ምላሷን እንደነካህ ቁጠረው።» ያኔ ገባው።

ሚያዝያ ላይ ደግሞ ሙቀቱ መጣ። ሳጥኑ መስኮት ሥር ነበር። ከቀትር በኋላ ፀሐይዋ ዞራ መስታወቱን እንደምትመታው ያወቅነው አንድ ቀን ውስጡ በእንፋሎት ታፍኖ ስናየው ነው። ጣኔ ነጣ ብላ ከላይኛው ጥግ ተለጥፋለች። የእኛ እንቁራሪቶች ፀሐይ ሲያገኛቸው መንጣት ልማዳቸው ነው፤ ሜዳ ላይ ግን ነፋስ አለ፣ ጥላ አለ። ሳጥን ውስጥ መሸሻ የለም። የወንድሜ ዳርት ፍሮጎች ከ20 እስከ 27 ዲግሪ ነው የሚስማማቸው፤ 30 ካለፈ ሕይወታቸው አደጋ ላይ ነው። ጣኔ በደንብ ትታገሣለች፣ ቢሆንም አልፈተንኳትም። ሳጥኑን ወደ ውስጠኛው ኮሪደር፣ ወለል ላይ አወረድነው። ርካሽ ቴርሞሜትር ገዝተን ለጠፍንበት። ቴርሞሜትሩን ከመጀመሪያው ቀን ግዙ። ከሳጥኑም በፊት ግዙት።

የጤናዋን ነገር በዓይን መለየት ለመድን። ደህና ስትሆን ቀን እግሯን ሰብስባ ቅጠል ላይ ትተኛለች፣ ማታ ትንቀሳቀሳለች፣ ዝንብ ሲያልፍ አንገቷን ትመልሳለች። ቀንና ሌሊት ውሃው ውስጥ ከተቀመጠች፣ እግሯን ዘርግታ ከተኛች፣ ቆዳዋ ደጋግሞ ከተላጠ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። መጀመሪያ ውሃውን ጠርጥሩ።

ግንቦት መጨረሻ ዝናብ ጀመረ። ማታ አምፖል ሥር አሸን ፈላ። ትንንሾቹን ክንፋቸውን እየነቀልን ሰጠናት። ያን ሰሞን ወፈረች። ከዚያ ሰኔ ውስጥ አንድ ቀን፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ፣ ኮሪደሩ ውስጥ ብርጭቆ በማንኪያ እንደመቱት ያለ ድምፅ ሰማን። ጢንግ! ቆይቶ ደግሞ ጢንግ! ባትሪ ይዘን ሄድን። የጣኔ ጉሮሮ እንደ ፊኛ ተነፍቷል። የሚጠራው ወንዱ ነው። ለካ እስከዚያ ቀን «እሷ» ስንላት የኖርነው ወንድ ነበር።

በየማታው መጣራት ጀመረ። መጀመሪያ ደስ አለን። አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ሌሊት ላይ ልጄ አልጋው ላይ ሆኖ «እማዬ፣ ማንን ነው የሚጠራው?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ያ ታንኳ ሠሪ ሽማግሌ ያሉት ትዝ አለኝ።

ሥነ ሕይወት የሚያስተምር አንድ ወዳጅ አለን። እሱን አማከርነው። ሳይቆጣ፣ ግን ሳያለሳልስ ነገረን። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ የሚባል ሕግ አለ። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ይዞ ማኖር አይቻልም። እንቁራሪት ትንሽ ስለሆነች የዱር እንስሳ አልመሰለችንም ነበር። ናት። አገራችን ደግሞ ከእንቁራሪቶቿ ብዙዎቹ ሌላ የትም የማይገኙ ናቸው።

ስለ በሽታም ነገረን። እ.ኤ.አ. በ1999 ሳይንስ ስም ያወጣለት አንድ የቆዳ ፈንገስ አለ። በዓለም ዙሪያ ብዙ የእንቁራሪት ዘሮችን ጨርሷል። በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ባሉ እንቁራሪቶች ላይም ተገኝቷል። የሚገድለው ቆዳቸውን አበላሽቶ ነው። ጨውና ውሃ በቆዳቸው ማለፍ ሲያቆም ልባቸው ይቆማል። ስለዚህ እንቁራሪት ከአንድ ቦታ አምጥቶ ሌላ ቦታ መልቀቅ፣ ወይም ከሌላ አገር እንስሳ ጋር አንድ ቤት አኑሮ መልቀቅ፣ ሐይቁን ለበሽታ ማጋለጥ ነው። የሳጥኑን ውሃና አፈርም ወደ ቦይ አታፍስሱ። ጣኔ ግን ከሌላ እንስሳ ጋር አልተገናኘም፤ የመጣበትንም ቦታ እናውቃለን። «እዚያው፣ ከነበረበት ቄጠማ፣ አሁን በክረምቱ መልሱት» አለን።

ልጄ አላለቀሰም ብል ውሸት ይሆናል። ማታውን ከአጎቱ ጋር አወራ። «እሺ አንተ ሰማያዊዋን ላክልኝ፣ እሷ ከዱር አልመጣችም» አለው። ወንድሜ እንደ ትልቅ ሰው አስረዳው። ሰማያዊዋ የሱሪናም ናት። እነዚህ እንቁራሪቶች ድንበር የሚያቋርጡት ሳይቲስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት፣ በፈቃድ ብቻ ነው። በሻንጣ ደብቆ ማምጣት ወንጀል ነው፤ ብዙዎቹም መንገድ ላይ ይሞታሉ። በዚያ ላይ በጥሩ ቤት ከአሥር ዓመት በላይ ይኖራሉ። «አንተ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ማን ዝንብ ያረባላታል? እማማ?» አለው። ልጄ እኔን አየኝ። ሁለታችንም መልሱን አወቅነው።

ውጭ ዘመድ ያላችሁ፣ ልጆቻችሁ ይህን እየጠየቁ ከሆነ፣ ይህን ንግግር አብራችሁ ተነጋገሩ። ፈቃድ አግኝታችሁ የምታሳድጉ ካላችሁም ከወንድሜ የሰማሁትን ልጨምር። እሱ ለዝንቦቹ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ያለበት ዱቄት ይነሰንስባቸዋል፤ ያለዚያ የእንቁራሪቶቹ አጥንት ይለሰልሳል። እኔ ሳጣ የእንቁላል ቅርፊት አልሜ ወቅጬ ነበር። ካልሲየሙን ይሰጣል፣ ቫይታሚኑን ግን አይተካም። አዲስ የገባ እንስሳም ከነባሮቹ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ለሳምንታት ለብቻው ይቆያል።

ሐምሌ ላይ፣ አንድ ቀን ዝናቡ አባርቶ ሲመሽ፣ ሦስታችንም ሄድን። ሐይቁ ሞልቶ ደንገሉ ሥር ገብቷል። ከየአቅጣጫው ጢንግ ጢንግ ይላል፤ በመቶ የሚቆጠሩ ይሆናሉ። ልጄ ብርጭቆውን ቄጠማው ላይ አጋደመው። ጣኔ ትንሽ ቆየ። ከዚያ አንድ ጊዜ ዘለለና ከቅጠሉ ጋር አንድ ሆነ። ባትሪውን ብናበራም አላገኘነውም።

በ2013 እንቁጣጣሽ ዋዜማ እንደ ወትሮው ሁለት እስር ቄጠማ ገዛሁ። ልጄ በር ላይ ጠበቀኝ። ነጭ አንሶላ መሬት ላይ አንጥፏል፣ አጠገቡ ያደረ ውሃ በጎድጓዳ ሳህን አስቀምጧል። እስሩን ፈታና ዘለላ በዘለላ፣ ቀስ እያለ፣ አንሶላው ላይ አራገፈው። አንድ ፌንጣና ሁለት ሸረሪት ወጡ። እንቁራሪት አልነበረበትም። ከዚያ ቄጠማውን ወደ ሳሎን አስገባን።